የማይፈታ ዳዶ

በፑንታ ሴካ የመንገድ ምልክት ሁለት ጠላት አለው፤ አንዱ ባሕሩ፣ ሌላው ዓሣ አጥማጁ። ባሕሩ በጨው እየላሰ ቀስ ብሎ ይበላል። ዓሣ አጥማጁ ግን መፍቻ ይዞ ይመጣል። ዴልፊና መሮ በማዘጋጃ ቤቱ የምልክት ተካይ ሆና አስራ አንድ ዓመት ሠርታለች፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ ብትጠየቅ መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ባሕሩ ቢያንስ አበልጄ አይደለም።»

የጠፋው ምልክት ሁሉ የት እንዳለ ታውቃለች። «መግባት ክልክል ነው» የሚለው ክብ ቆርቆሮ የዶና ኤልቪያ የዶሮ ቤት በር ሆኗል፤ ዶሮዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ ይገባሉ። «ቅድሚያ ስጥ» የሚለው ሦስት ማዕዘን የወደቡን ሴቪቼ ቤት ቀዳዳ ጣሪያ ደፍኗል። ሃምሳ ቁጥር የተጻፈበት ደግሞ የዚያው ቤት ጠረጴዛ ነው። ዴልፊና ራሷ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ቀርባ ሴቪቼዋን፣ በሎሚ የራሰ ዓሣዋን፣ ትበላለች፤ አንድም ቀን ግን በሰዓት ከሃምሳ በላይ ጎርሳ አታውቅም።

እውነቱን ለመናገር ቆርቆሮው ሰውን ያን ያህል አያጓጓም። የሚያጓጓው የታሰረበት ብሎን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምልክት ዚንክ ውስጥ በተነከረ ተራ ብሎን ቢታሰር፣ በአስራ አራት ወር ውስጥ ጨው ጨርሶት ዳዶው እንደ ደረቀ ዳቦ በጣት ይፈረፈራል። በማይዝግ ብረት ብሎን ቢታሰር መቶ ዓመት አይዝግም፤ ግን አስራ አራት ቀን አያድርም። በፑንታ ሴካ ጀልባ የሌለው ወይም የጀልባ ዘመድ የሌለው ሰው የለም፤ ጀልባ ያለው ሁሉ ደግሞ የማይዝግ ብሎን ሲያይ ምራቁን ይውጣል። ዴልፊና ያልሞከረችው ነገር የለም። ዳዶውን በየደች፤ መጋዝ ይዘው መጡ። ምልክቱን ከምሰሶው ጋር በብረት ቀበቶ አሰረች፤ ቀበቶው የዓሣ ሳጥን ማሰሪያ ሆነ። የማይዝገውን ብሎን ቡናማ ቀለም ቀብታ የዛገ አስመሰለችው፤ ሦስት ወር ሙሉ ከተማውን ስታታልል ቆይታ አንዲት ዓሣ ሻጭ ቀለሙን በጥፍሯ ፋቀችና ምስጢሩ ወጣ። በማግስቱ ስድስት ምልክት መሬት ላይ ተገኘ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል፤ የፑንታ ሴካን ሰው ግን ሌባ ነህ ቢሉት አጥብቆ ይቀየማል። መንገዱ የሕዝብ ነው፣ ብሎኑ የመንገዱ ነው፣ እሱ ደግሞ ሕዝብ ነው።

በሚያዝያ ወር ማዘጋጃ ቤቱ በትምህርት ቤቱ ጥግ፣ ቁልቁለቱ በሚያልቅበት መታጠፊያ ላይ፣ አንድ ረጅም ምሰሶ ለመትከል ወሰነ። ምሰሶው ክንዱን በመንገዱ ላይ ይዘረጋል፤ በክንዱ ጫፍ ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ መብራት ይንጠለጠላል። ሥራውን እንዲመራ ከደጋው፣ ከዋና ከተማው ከኪቶ፣ ኢንጂነር ቺሪቦጋ ተላከ። ወጣት ነው፤ ጫማው ንጹሕ፣ ወረቀቱ ብዙ፣ ሆዱ ከባሕር ምግብ ጋር ገና ያልታረቀ።

ዴልፊና በጭነት መኪናዋ ጀርባ ላይ ብሎንና ዳዶ፣ ሮንዴላና ማቀፊያ ደርድራ ጠበቀችው። ኢንጂነሩ ወረቀቱን ገለጠ።

«እዚህ የተጻፈው ዚንክ ውስጥ የተነከረ ብሎን ነው፣» አላት።

«የት ነው የተጻፈው?»

«ኪቶ።»

«ኪቶ ባሕር አለ እንዴ?»

«የለም፣ ወይዘሮ ዴልፊና።»

«እንግዲያው ምሰሶውን እዚያው ይትከሉት።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ ኢንጂነሩ ሞኝ ባይሆንም ወረቀት ነበረው። ለጥቂት ጊዜ ተሟገታት። በመጨረሻ «እሺ፣ የማይዝገው ይሻላል ነው የሚሉኝ?» አለ።

«የማይዝገውማ በጣም ይሻላል። ለጀልባ።»

ከዚያ ኢንጂነሩን በእጁ ይዛ ወደቡ ወሰደችው። ጀልባዎቹ በአሸዋው ላይ ተጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ። «ያ የሆስፒታሉ ምልክት ነው፣» አለች ወደ አንዱ ጀልባ አፍንጫ እያመለከተች፤ «አራቱም ብሎን። ያኛው የድልድዩ አጥር ነው። ይኼ ደግሞ የመቃብር ቦታው መታጠፊያ፤ ሙታኑ እንኳ አልተማሩም።» ኢንጂነሩ መጀመሪያ እየጻፈ ነበር፤ አራተኛው ጀልባ ጋ ሲደርሱ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ። ባለጀልባዎቹ በፈገግታ እጃቸውን ያውለበልባሉ፤ አንዱ እንዲያውም የተጠበሰ ሙዝ ካልቀመሳችሁ ብሎ ገገመ።

«ለምን ለፖሊስ አይነግሩም?»

«የፖሊሱ ጀልባ ያ ሰማያዊው ነው።»

ኢንጂነሩ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አልገለጠም። ዴልፊናም ለሁለት ዓመት በሆዷ ይዛው የቆየችውን ሐሳብ አወጣች።

«አንድ ዳዶ አለ። ጓያኪል ከተማ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ አይቼዋለሁ። መፍቻ የሚይዘው ራስ አለው፤ ያጠብቁታል፣ ያጠብቁታል፣ ልኩ ላይ ሲደርስ ራሱ ቀጭ ብሎ ይሰበርና ይወድቃል። የሚቀረው ለስላሳ ሾጣጣ ነገር ነው። መፍቻ አይዘው፣ ጉጠት አይዘው። አንዴ ታሰረ፣ በቃ ታሰረ።»

«ለመፍታት ሲፈለግስ?»

«ኢንጂነር፣ እዚህ አገር ለመፍታት የተቸገረ ሰው አላየሁም። የቸገረን ማሰሩ ነው።»

ሳቀና ፈረመላት። መኪናው ጋ ሲመለሱ «ለዚህ ምሰሶ ግን ለምን እንዲህ ተጨነቁ?» ብሎ ጠየቃት። ፀሐይዋ ከረረች አለችው።

ምክንያቱ ፀሐይ አልነበረም። በዚያ ጥግ ላይ ድሮ «ቁም» የሚል ምልክት ነበር። ዴልፊና በሁለት ረዣዥም የማይዝጉ ብሎኖች አስራው ነበር። ባለፈው ዓመት ብሎኖቹ ሄዱ፤ ምልክቱ በሽቦ ተንጠልጥሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። በሦስተኛው ቀን በረዶ የጫነ መኪና ቁልቁለቱን ወረደ። ሾፌሩ ለከተማው እንግዳ ነበር፤ ቁም የሚለው ነገር አላየም፣ አልቆመም። ከጎማው ሥር ተጎትታ የወጣችው የስምንት ዓመቷ ናርሲሳ ነበረች፣ የዴልፊና የክርስትና ልጅ። ነፍሷ ተረፈ፤ ቀኝ እግሯ ግን ሦስት ቦታ ተሰብሮ ነበርና ሲጠገን ከግራው አጠረ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ዴልፊና አንድ ልማድ አላት። የምታስረውን ብሎን ሁሉ አናቱን በሹል ብረት እየመታች ነጥብ ታደርግበታለች፤ ለመቃብሩ ሦስት፣ ለድልድዩ አምስት፣ ለትምህርት ቤቱ ጥግ ሰባት። ሌባ ለመያዝ አይደለም፤ ዕቃዋ የት የት እንደ ዞረ ማወቅ ስለሚያስደስታት ነው። ናርሲሳ ከሆስፒታል በወጣች ሳምንት አባቷ ኦኖፍሬ አንቹንዲያ ዴልፊናን ጀልባው ላይ ምሳ ጋበዛት። ኦኖፍሬ ትልቅ ሆድ፣ ትልቅ ድምፅ፣ ከሁለቱም የሚበልጥ ልብ ያለው ሰው ነው፤ ልጁ ስትጎዳ እንደ ሕፃን አልቅሷል። ያን ቀን ግን ደስ ብሎት የጀልባዋን መሪ እጀታ እየደባበሰ ያሳያት ጀመር።

«እጀታውን የያዙትን እነዚህን ሁለት ብሎኖች እይልኝ አበልጄ፣ ከገበያ የገዛኋቸው ናቸው። ሰባት ሰባት ነጥብ አላቸው፣ ቁጠሪ! ከገጠምኳቸው ወዲህ መረቤ ባዶ ወጥቶ አያውቅም። ዕድሌ ናቸው። ልጄንም ያተረፈልኝ ይኸው ዕድል ነው።»

ዴልፊና ጉርሻዋን አስቀምጣ ቆጠረች። ልትነግረው አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ናርሲሳ በክራንቿ እየተንቋቋች መጥታ ራሷን የዴልፊና ጭን ላይ አስደገፈች። ዴልፊና ሆድ ይፍጀው ብላ አፏን ዘጋች። ከዚያ ቀን ወዲህ ኦኖፍሬን ጠላችው ማለት አይቻልም፤ ግን ሳቁን በሰማች ቁጥር እጇ መፍቻ ይፈልግ ነበር። ያንን ጥግ ሁለተኛ ማንም እንዳይፈታው ማለች።

ዳዶዎቹ በግንቦት መጡ። ምሰሶው ቆመ። ዴልፊና ከሲሚንቶው ብቅ ባሉት አራት ብሎኖች አናት ላይ ሰባት ሰባት ነጥብ መታች፤ ከዚያ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ አጠበቀች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ደስ ያላት ጥቂት ጊዜ ነው። መሰላል ላይ ወጥታ ክንዱንም እንዲሁ አሰረችው። ስትወርድ ኦኖፍሬ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል።

«ምን አድርገሽ ነው እንዲህ ቀጭ የሚለው?»

ነገረችው። ዓይኑ እንደ መብራቱ ብልጭ አለ።

«ከዚህ አራት ስጪኝ።»

«ለምንህ?»

«የማይፈታ ነገር አስፈለገኝ። የአበልጅ ልመና ነው፣ ምን ትመረምሪኛለሽ!»

ሌላ ጊዜ ሳይጠይቅ የሚወስድ ሰው ጠይቆ ስለወሰደ ብቻ ደስ አላትና ሰጠችው። «አንዴ ከተሰበረ እኔም አልፈታልህም፣» ብላ አስጠነቀቀችው። «እኔስ ምን አልኩሽ!» ብሎ እየዘፈነ ሄደ።

መጠየቅ ነበረባት። በሰኔ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ሲደርስ ፑንታ ሴካ ሁለት መንግሥት ይኖራታል፤ የጴጥሮስ መንግሥትና የጳውሎስ መንግሥት። እያንዳንዱ ፕሬዚዳንት፣ ሚኒስትሮችና ጄኔራል አለው፤ አንዱ የሌላውን ስም ያጠፋል፣ ሰንደቁን ይሰርቃል፣ በምሽቱ አብሮት ይሰክራል። እውነተኛው ከንቲባ በዚያ ሳምንት አይታይም፤ ከሌላው ሳምንት ጋር ልዩነቱ ብዙ አይደለም። ዘንድሮ የጴጥሮስ ፕሬዚዳንት ኦኖፍሬ ነው። የጳውሎሱ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ዕቃ ቤት ኃላፊ ባልቢኖ፣ በወሬ የሚኖር ቀጭን ሰው። ባለፈው ዓመት የባልቢኖ ሰዎች ተሸካሚዎቹ ምሳ ሲበሉ የቅዱስ ጴጥሮስን ሐውልት ከጀልባው አንስተው ሰረቁት፤ ቅዱሱ ማታ የተገኘው ቢሊያርዶ ቤት ተቀምጦ ነው፣ ከቁልፉ ጋር ዱላ ተሸክሞ። የጴጥሮስ ወገን ዓመቱን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ኖረ።

ዴልፊና በበኩሏ በዓሉን አልዘነጋችም። ቅዱሱ የሚዞረው በአሮጌ ትንሽ ጀልባ ላይ ቆሞ፣ በአርባ ሰው ትከሻ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲያጋጥም አንድ ሰው ባላ ባለው ረጅም እንጨት ወደ ላይ ይደግፈዋል፤ ያ ካልበቃ ቅዱሱን አውርዶ እንደ ሕፃን አቅፎ ማሳለፍ የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ ክንዱ ሲሰቀል ቅዱሱ ሳይኖርበት ጀልባው በትከሻ ላይ የሚኖረውን ቁመት ለክታ ነበር፤ ጀልባው ከመብራቱ ሥር በሦስት ስንዝር ተርፎ ያልፋል። ኢንጂነሩንም እንደዚያው ብላ አሳመነችው።

በዓሉ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሰልፉ ቁልቁለቱን ወረደ። ፊት ፊት ጥሩምባና ከበሮ፣ ቀጥሎ ላብ ያጠመቃቸው አርባ ዓሣ አጥማጆች፣ በላያቸው ጀልባው፣ በጀልባው ላይ ቅዱስ ጴጥሮስ ቁልፉን ወደ ሰማይ ዘርግቶ። የፊት ቀኝ ተሸካሚው ኦኖፍሬ ነው፤ የፕሬዚዳንትነት ሪባኑን ደረቱ ላይ አድርጓል። የትምህርት ቤቱ ልጆች ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው በመብራቱ ሥር ከመንገዱ ዳር ተሰልፈዋል፤ ናርሲሳም ከመካከላቸው አለች።

ጀልባው ክንዱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቅዱሱ ከመብራቱ በሁለት ስንዝር ይበልጣል።

«አውርዱት እንጂ፣» አለች ዴልፊና።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ኦኖፍሬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አይወርድም።»

«ምን ማለትህ ነው አይወርድም?»

«ባለፈው ዓመት ሰረቁት አይደል? ዘንድሮ እንዳይሰርቁት... ያንቺን ዳዶ...»

ዴልፊና መሰላሏ ላይ ወጥታ የቅዱሱን እግር አየች። የቆመበት እንጨት ከጀልባው ወለል ጋር በአራት ብሎን ተሰፍቷል፤ በአራቱም ላይ ለስላሳ፣ የሚያምሩ፣ ማንም የማይዛቸው ሾጣጣዎች። ሥራው እንከን አይወጣለትም ነበር።

ባልቢኖ ለዚህ ቀን የተወለደ ሰው ይመስል እጁን ዘርግቶ ጮኸ። «ወገኖቼ ሆይ! ሄሮድስ ያሰረውን ጴጥሮስ መልአክ መጥቶ ፈታው፤ ኦኖፍሬ ያሰረውን ማን ይፍታው?» መንገዱ በሳቅ ተናጋ። የጴጥሮስ ጄኔራል ጀልባውን ተሸክሞ ስለነበር ሊመታው አልቻለም፤ በስድብ ብቻ ተወጣ።

«ብረት መቁረጫ!» አለ አንዱ።

«ዕቃ ቤት ነው፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው፣» አለ ባልቢኖ። «ግን ምኑን ነው የምትቆርጡት? የቅዱሱን እግር?»

«አንተ አረመኔ! የምሰሶውን ክንድ ነው እንጂ!»

«ክንዱን! ክንዱን!» ማለት ጀመረ ሕዝቡ። ኢንጂነር ቺሪቦጋ ከከበሮ መቺው ኋላ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ኦኖፍሬ አንገቱ እንደ ተጫነ ዴልፊናን ለመናት።

«አበልጄ፣ ምን አለበት? አሁን ይቆረጥ፣ ነገ ትበይጂዋለሽ።»

«ነገ ትላለህ። በዚህ ከተማ የወደቀ ምልክት በነገታው ሲነሳ አይተህ ታውቃለህ?»

«ለአንድ አምፖል ብለሽ ቅዱስ ታቆሚያለሽ?»

«ቅዱሱን ያቆምከው አንተ ነህ፣ በአራት ብሎን!»

ሄዳ ጀርባዋን ምሰሶው ላይ አስደገፈች። የፈራችው ሕዝቡን አልነበረም፤ በአፏ ጫፍ ላይ ያለው ነገር እንዳያመልጣት ነው። ዓመት ሙሉ ያፈነችው ንዴት ተነሳባት። ናርሲሳን አየች፤ ልጅቷ አጭር እግሯን ለማሳረፍ ተረከዟን ከጠርዙ ድንጋይ ላይ አስቀምጣለች።

«አይቆረጥም፣» አለች ዴልፊና። «ተንበርከኩ።»

«ምን?»

«አርባ ወንድ አይደላችሁ? ሰማንያ ጉልበት አላችሁ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተንበርክካችሁ አታውቁም፤ ዛሬ እዚህ ጀምሩት።»

ሴቶቹ ቀድመው ሳቁ። ቀጥሎ አንዷ «እውነቷን ነው! የኔውን ባል ተንበርክኮ ልየው!» አለች። አሁን የማይንበረከክ ተሸካሚ ሚስቱ ፊት ምን ብሎ ይቆማል? የጴጥሮስ ጄኔራል እየተራገመ አንድ ጉልበቱን አስቀመጠ። ሌሎቹ ተከተሉ። በጋለው አስፋልት ላይ አርባ ሰው፣ እየተሳደበና በየመሃሉ አባታችን ሆይ እያለ፣ በጉልበቱ መዳህ ጀመረ። ጀልባው ዝቅ አለ። ቅዱስ ጴጥሮስ ቁልፉን እንደ ዘረጋ ወደ ቀዩ መብራት ተጠጋ።

መሃል ላይ ሲደርሱ ቁልፉ የመብራቱን ሽፋን ነካ። ክልን! ክንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተንቀጠቀጠ፤ ከሥሩ የቆሙት ልጆች በአንድ ድምፅ «ኡ!» አሉ። ዴልፊና ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ክንዱ ቦታው ላይ ነው። አንዲት ዳዶ አልተነቃነቀችም።

«ቁሙ፣ ቁሙ! ተይዟል!» አለ ሽቦ ደጋፊው፤ እንጨቱን አሹልኮ ቁልፉን ማላቀቅ ጀመረ። ኦኖፍሬ በዚያች ደቂቃ በሁለቱ ጉልበቶቹ ላይ፣ ሸክሙ ወደ ታች አጉብጦት፣ ፊቱ ከምሰሶው ሥር አንድ ስንዝር ርቆ ነበር። የሚያየው ሌላ ነገር አልነበረም። አራት ብሎን። በእያንዳንዱ አናት ላይ ነጥብ። ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

«አባዬ፣ ዝቅ በል! ገና ነህ!» ብላ ናርሲሳ ከማዶ ጮኸችና በሳቅ ፈነዳች። ኦኖፍሬ ልጁን አያት፤ ከዚያ ከጠርዙ ድንጋይ ላይ ያረፈ ተረከዟን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ዴልፊናን።

«አበልጄ፣ ይኼ ሰባት ነጥብ ምንድን ነው?»

«የዚህ ጥግ ነው። እዚህ የማስረውን ሁሉ ሰባት እመታዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከድሮም።»

«ቁም የሚለውም... እሱም ሰባት ነበረ?»

«ሰባት ነበረ።»

ቁልፉ ተላቀቀ። ጀልባው አለፈ፤ ጥሩምባው ጮኸ፣ ተሸካሚዎቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ኦኖፍሬ ብቻ አልተነሳም። «ተነስ እንጂ ፕሬዚዳንት! ጸሎት ጣመህ?» አሉት ከኋላ። ሁለት ሰው ብብቱን ይዞ አነሳው።

ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ፣ ከተማው ሁሉ ወደ ወደቡ ወርዶ ነበር። ቅዱሱ ከነትንሽ ጀልባው በኦኖፍሬ ትልቅ ጀልባ ላይ ተጭኖ ባሕሩን ሊባርክ ይወጣል፤ የኦኖፍሬ ጀልባ ትመራለች፣ ሌላው ሁሉ ይከተላል። ዴልፊና ግን ከትምህርት ቤቱ ጥግ አልተነሳችም። ጠርዙ ላይ ተቀምጣ፣ በሙዝ ሊጥ ውስጥ የተጠበሰ ዓሣ ይዛ፣ ሳትጎርስ ምሰሶዋን ትጠብቃለች። ኦኖፍሬ ሪባኑን አውልቆ መጣ። በእጁ መሐረብ ይዟል። አጠገቧ ተቀመጠና ፈታው፤ ሁለቱ ረዣዥም ብሎኖች፣ የእጁ ላብ ያወዛቸው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልነግርህ ነበር። ዕድሌ ናቸው አልከኝ።»

ኦኖፍሬ ፊቱን በመሐረቡ ሸፈነ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ድምፁ ያስጠላል።

«ገበያ ነው የገዛኋቸው። በልጄ ይዤሻለሁ፣ አልሰረቅኩም።»

«አውቃለሁ።»

«ግን ከየት መጡ ብዬ አልጠየቅኩም።»

«ማን ይጠይቃል? እኔስ በየቅዳሜው ሃምሳ ቁጥር ላይ አይደል የምበላው?»

ብሎኖቹን አንስቶ ወደ ምሰሶው አሳያት። «የት ልክተታቸው?»

«እዚያ ልካቸው አይደለም። ልካቸው ማዶ ነው።»

ማዶ፣ ግድግዳው ጋ፣ አሮጌው «ቁም» አሁንም በሽቦ ተንጠልጥሎ ፊቱን አዙሯል። ሽቦውን ቆረጡት፣ ቆርቆሮውን ወደ መንገዱ መለሱት። ኦኖፍሬ ብሎኖቹን በገዛ ቀዳዳቸው ከተተ። ዴልፊና ከኪሷ ሁለት ዳዶ አውጥታ ሰጠችው፤ መፍቻውንም። አጠበቀ፣ አጠበቀ፣ ክንዱ ተወጣጠረ። ቀጭ። የተሰበረው ራስ መዳፉ ላይ ወደቀ። ሁለተኛውንም እንዲሁ።

«አሁን እኔም ብፈልግ አይፈታም?»

«አንተም ብትፈልግ።»

ሁለቱን ስባሪዎች ኪሱ ከተተና ወደ ወደቡ ወረደ። ሱቁ ሁሉ ለበዓል ዝግ ነበር፤ እጀታ የሌለው መሪ ደግሞ ጀልባ አያዞርም። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በዓሉን ሲመራ የኖረው የጴጥሮስ ጀልባ በባልቢኖ ጀልባ በገመድ እየተጎተተ ወጣ፤ የማይወርደው ቅዱስ አናቱ ላይ ቁልፉን ዘርግቶ፣ ፕሬዚዳንቱ ከሥሩ እጁን አጣጥፎ። የጳውሎስ ወገን እንዲህ ያለ ደስታ አይቶ አያውቅም። ሴቱ ወንዱ ከዳር ዳር ያጨበጭባል፣ ያፏጫል።

«ኦኖፍሬ!» አለ ባልቢኖ ከፊት ሆኖ፣ ወደቡ ሁሉ እንዲሰማ። «ዕድሌ ናቸው ስትል የኖርክባቸው ብሎኖች የት ሄዱ?»

ኦኖፍሬ ወደ ዳር ተመለከተ። ናርሲሳ የክርስትና እናቷን እጅ ይዛ፣ እያነከሰች፣ ወደ ውሃው ትመጣለች።

«ትምህርት ቤት፣» አለ።